በወንጌል ኅዳግ የቀሩ ስሞች

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና 140 ዓመት ገደማ ስለሆናት፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ የሚኖር አብዛኛው ሰው ሁለት ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ሲቆጠር መነሻው ሌላ ቦታ ነው። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ መንዝ፣ ጉራጌ፣ ወለጋ። የአያቱን ስም የማያውቅ አይገኝም፤ በመታወቂያው ላይ ተጽፏል። ከቅድመ አያት በላይ ሲጠየቅ ግን ስልኩን አንስቶ አገር ቤት ወዳሉ አንድ አዛውንት ይደውላል። አዛውንቱም «እገሌ እገሌን ይወልዳል» እያሉ ምንጅላትና እንጅላት ድረስ ይቆጥሩለታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ኢትዮጵያዊ ገበሬ ሕይወት ፍለጋ የሚጀምረው ከዚህ የስልክ ጥሪ ነው። መንገዱ ረጅም ቢሆንም ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ያደርሳል።

በእንግሊዝ ከ1841 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየቤቱ ያለው ሰው በስሙ ተቆጥሯል። በአሜሪካም ከ1850 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሪያ ያልሆነ ሰው ሁሉ በስም ተመዝግቧል። እዚያ የቅድመ አያቱን ሕይወት የሚፈልግ ሰው የሚጀምረው ከመንግሥት መዝገብ ነው። እኛ አገር የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። የልደትና የሞት ምዝገባ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ቢጻፍም በሥራ ላይ ሳይውል ታግዶ ኖረ፤ በአገር ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እናም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዳግማዊ ራስ ዓሊ ዘመን የኖረን አራሽ ስሙን የጻፈለት መንግሥት አልነበረም። ስሙን ያስጻፈው መሬት ነው።

የርስት ሥርዓት ነገሩን ሁሉ ይፈታዋል። በጎጃምና በበጌምድር አንድን መሬት መጀመሪያ ያቀና ሰው፣ አቅኚ አባት የሚባለው፣ ለልጆቹ ሁሉ ያወርሳል፤ ወንድ ሴት ሳይባል። ከእሱ መወለዱን ያስረዳ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቢወርድ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ትውልድ መቁጠር የዳኛ ፊት ማስረጃ ነበር። ተከራካሪው ቆሞ ዘሩን ይቆጥራል፤ ተቃራኒው ያቋርጠዋል፤ ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ። አንድ ስም የዘለለ ሰው መሬቱን ሊያጣ ይችላል። ብዙ አዛውንት አባቶቻቸውን ያን ያህል በጥንቃቄ የያዙት በዚህ ምክንያት ነው።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት በቅርብ አጥንቷል። በ1973 እ.ኤ.አ. ካሳተመው መጽሐፍ ለትውልድ ፈላጊ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል፦ ሰው ሊጠይቅ የሚችለው ርስት ብዙ ቢሆንም፣ በተግባር የሚጠይቀው ተከራክሮ ሊያገኘው በሚችለው መስመር ብቻ ነው። የተጠየቀበት መስመር በደንብ ይታወሳል፤ ያልተጠየቀበት እየደበዘዘ ይጠፋል። እንግዲህ አዛውንቱ በስልክ የቆጠሩት ሐረግ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከብዙዎቹ መሐል ክርክር ላይ የዋለው አንዱ መስመር መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም። በሌላኛዋ አያት በኩል ያለው ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ዘንድ ይገኝ ይሆናል።

ከቃል ቀጥሎ ጽሑፍ አለ፤ የሚገኘውም ሰው በማይጠብቀው ቦታ ነው። በጎንደር፣ በሞጣ ጊዮርጊስ፣ በመርጡለ ማርያምና በሌሎች አድባራት የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ ይጻፍ የነበረው በደብሩ መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ነው፤ በተለይ በወንጌሉ። ቅዱስ መጽሐፍ ላይ የተጻፈን ቃል ለመፋቅ የሚደፍር ብዙ አይገኝምና መዝገቡም እዚያ ይጠበቃል።

አንዱን ጽሑፍ ቀረብ ብለን እንየው። ብዙ ጊዜ ከጥቂት መስመር አያልፍም፤ ቋንቋውም ግዕዝና አማርኛ የተቀላቀለበት ነው። ዘመኑን በወንጌላዊው ይጠራል፤ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ሉቃስ እያለ። ቀጥሎ በጊዜው የነበሩትን ባለሥልጣናት ከላይ ወደ ታች ይደረድራል፤ ንጉሡ እገሌ፣ ራስ እገሌ፣ የደብሩ አለቃ እገሌ ሳሉ ይላል። ከዚያ ሻጭና ገዢ ይጠራሉ፣ መሬቱ በስሙ ይጠቀሳል፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ በአሞሌ ወይም በማርትሬዛ ብር ይነገራል። ዋሱ ይጻፋል። የእማኞቹ ስም ይደረደራል፤ ካህን፣ ጭቃ ሹም፣ ዘመድ፣ ጎረቤት። መዝጊያው ይህን ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን የሚል ነው።

ለእኔ የጽሑፉ ሀብት ያለው ከእማኞቹ ዘንድ ነው። ሻጭና ገዢ አንዳንዴ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ታሪካቸው ሌላም ቦታ ሊገኝ ይችላል። ከገበያ ሲመለስ ተጠርቶ የመሰከረው ጎረቤት ግን በምድር ላይ የተረፈለት ጽሑፍ ያ አንድ መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። ከማን ጋር እንደቆመ፣ የማን ጎረቤት እንደነበረ፣ ማን እንዳመነው ያ መስመር ይናገራል።

ዘመኑን ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘመነ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳልና ብቻውን ምንም አይነግረንም። ዳግማዊ ራስ ዓሊ ከተጠቀሱ ግን ከ1823 እስከ 1845 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ገባን፤ በዚያ ውስጥ ሉቃስ ቢበዛ ስድስት ጊዜ ይውላል። የደብሩ አለቃ ስም ሲጨመር ወደ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይጠባል። የስም ነገርም እንዲሁ ነው። አዛውንቱ በዓለም ስሙ የሚያውቁት ሰው በደብሩ መጽሐፍ በክርስትና ስሙ ሊጻፍ ይችላል፤ ከፍ ያለ ወታደር ከሆነም በፈረስ ስሙ ይጠራል። ቤተሰቡ የክርስትና ስሙን ካላወቀ ፊት ለፊቱ ያለውን አባቱን ሳያውቀው ያልፋል።

ሴቶች በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ በግልጽ ይታያሉ፤ ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ያወርሳሉ፣ ይከራከራሉ። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ምሁር ስለ ጎንደር ዘመን ሴቶችና መሬት የጻፋቸው ጥናቶች ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። የማይታዩትን መናገርም ግዴታችን ነው። መሬት የሌለው ሰው የሚጻፍበት ምክንያት አልነበረም። ባሪያዎች፣ ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ በብዙ ቦታ ርስት የተነፈጋቸው ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከዚህ መዝገብ ውጭ ናቸው ማለት ይቻላል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን ደግሞ ከብቱን ፈጅቶ ሰውን ሲበትን ብዙ ሐረግ በጥሷል። ሐረጉ እዚያ ላይ የሚቆምበት ቤተሰብ የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

መጻሕፍቱ የት አሉ? ከፊሎቹ በየደብራቸው ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ካስገቧቸው መካከል 350 ያህል ብራናዎችን የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወስዷቸው ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ የጎንደር ሰው የመሬት ውል በቴምዝ ወንዝ ከተማ ይነበባል ማለት ነው። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው የብራና ማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ፎቶ ተነሥተዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ ዕድሜያቸውን የሰጡት የእነዚህን ዝርዝር ለማዘጋጀት ነው። የማይክሮፊልሙ ቅጂ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በወመዘክር አለ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ከመስቀል ፍላወር ሩቅ አይደለም።

አዲስ አበባ ገብቶ ለሹመት ወይም ለሊቅነት የበቃ አባት ያለው ሰው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙትን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ይክፈት፤ የብዙ ታዋቂ ሰዎችን ሕይወት ባጭር ባጭሩ ይዟል። ለሌላው የከተማ ሰው ደግሞ የእድር ደብተር፣ የግብር ደረሰኝና የቤት ካርታ የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ድልድይ ይሠሩለታል። የካዛንቺስ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲፈርስ ስንት ቤተሰብ ሣጥኑን ጭኖ ወጣ! ከእነዚያ ሣጥኖች ሥር ያሉት ወረቀቶች ሳይነበቡ እንዳይጣሉ አደራ እላለሁ።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ሐረግ መቁጠር በፍርድ ቤት የነበረው ሥራ ቀረ። ርስት ሲከራከር አድጎ ዘሩን በቃሉ የያዘ ሰው ዛሬ በትንሹ ሰባ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ በድምፅ ይቀረጹ፣ በአባትም በእናትም በኩል። የእያንዳንዱ ሰው የክርስትና ስም ይጠየቅ። ቀጥሎ የመሬቱ ስምና አጥቢያው ይታወቅ፣ ክርክር ነበረ እንደሆነም ከማን ጋር እንደነበረ ይጣራ። ደብሩ ከታወቀ በኋላ ወንጌሉን ለማየት የአለቃውና የቄሰ ገበዙ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መጽሐፉን የሚገልጡትም እነሱው ናቸው። ፎቶ ማንሳት ከተፈቀደ የጎን ኅዳጉ፣ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ባዶ ቅጠሎች ሳይቀሩ ይነሡ፤ ግዕዝ የሚያነብ ሰው በኋላ ቁጭ ብሎ ይፈታቸዋል።