ነባር ንግድና ዐዲስ መሣሪያ፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የሚነገረው ተረትና እውነታው

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ በሚወስደው ጎዳና ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ በቆሎውንና ጤፉን፣ ስንዴውንና በርበሬውን ለገበያ በማውጣት ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ በዚህ በረከት ላይ የቆመው የእህል መጋዘን፣ ወፍጮ ቤት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበርና የበርበሬ ሱቅም የራሱ ሥርዓትና የራሱ መተማመኛ ያለው ነባር ሥራ ነው። የእጅ ስልክና ኮምፒውተር፣ የስልክ ገንዘብና የኤሌክትሮኒክ መዝገብ በዚህ ሥራ መካከል ከገቡ ወዲህ ስለ እነርሱ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ከሚነገረውም ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ከእውነት ጋር የተቀላቀለ ግምት፣ ከፊሉም ፍጹም ስሕተት ሆኖ ይገኛል። ስሕተቱ የሰውን ጥሪት የሚያስበላና የነባሩን ሥራ ዕድል የሚያዘጋ ስለ ሆነ፣ መርምሮ ማቅናት የሚገባ መስሎ ታይቶኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው ተረት፣ መሣሪያውን የገዛ ሰው ለውጡንም አብሮ ገዝቷል የሚለው ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ኀይል በአሜሪካ ፋብሪካዎች መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሳለ፣ የፋብሪካዎቹ ምርታማነት በጉልህ ከፍ ያለው ግን ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ በ1920ዎቹ መሆኑን የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቁ ፖል ዴቪድ አስረድቷል። ባለፋብሪካዎቹ አስቀድመው ያደረጉት የእንፋሎቱን ሞተር ነቅለው በስፍራው ታላቅ የኤሌክትሪክ ሞተር መትከል ብቻ ስለ ነበረ፣ ዘንጉና ቀበቶው፣ የማሽኖቹም አቀማመጥ እንደ ቀድሞው ቀርቶ ትርፉ ጥቂት ሆነ፤ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ትንሽ ሞተር ካገኘና ሕንጻው ራሱ እንደ ሥራው ቅደም ተከተል ከተሠራ በኋላ ግን ያው ኤሌክትሪክ ብዙ ሀብት ወለደ። የቡሬ እህል ነጋዴም የዱቤ ደብተሩን ቃል በቃል ወደ ኮምፒውተር ቢገለብጠው፣ ያገኘው ያንኑ ደብተር በሌላ ገጽ ነው። ጥቅሙ የሚጀምረው፣ ከየትኛው ቀበሌ የመጣው በቆሎ እርጥበት እንደሚበዛው፣ የትኛው ክምር በየትኛው ወር ነቀዝ እንደሚነካው፣ የትኛው ደንበኛ ዕዳውን በቀጠሮው እንደሚከፍል መዝገቡን ጠይቆ፣ ግዢውንና ሽያጩን በመልሱ ሲለውጥ ነው።

ለዚህ ነገር ከራሳችን አገር የኢትዮጵያ ምርት ገበያን የሚያህል ምስክር የለም። በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ፣ በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው ይህ ድርጅት በብዙ ሰው ዘንድ ከመነሻው የኮምፒውተር ገበያ ተደርጎ ይታሰባል። ነገር ግን ሻጭና ገዢ አዲስ አበባ ባለው አዳራሽ ቆመው፣ ዋጋ በጩኸት ጠርተው፣ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው የሚዋዋሉበት ሥርዓት እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ የቆየ ነበር። ድርጅቱ ለነባሩ ንግድ ያመጣው ዐዲስ ጥቅም በመጋዘኑና በክፍያው ሥርዓት ውስጥ ይገኝ ነበር፤ ይኸውም ባለንብረቱ እህሉን ሲያስገባ በታመነ ሚዛን ተመዝኖለት፣ ደረጃ ወጥቶለት፣ የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል፤ በተሸጠም ጊዜ ገንዘቡ በማግሥቱ በባንክ ሒሳቡ ይገባለታል። የዕለቱም ዋጋ በስልክና በየከተማው በተተከሉ ሰሌዳዎች ለሕዝብ ይገለጥ ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረው ደግሞ፣ ድርጅቱ ሥራውን በበቆሎ ቢጀምርም ግብይቱ የጸናው በሕግ በዚያ እንዲሸጡ በታዘዙት በቡናና በሰሊጥ መሆኑ ነው። ክብደቱ ብዙ፣ ዋጋው ግን ዝቅተኛ የሆነው በቆሎ የመጋዘኑንና የደረጃውን ወጪ የመሸከም ዐቅሙ አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ያው አንድ መሣሪያ በአንዱ ምርት ላይ ሲሰምር በሌላው ላይ ሳይሰምር ቀረ። ስለዚህ ለምዕራብ ጎጃም በቆሎ የሚበጀውን ሥርዓት ማሰብ ያለበት በቆሎን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለቡና የተሰፋውን አምጥቶ ማልበስ አይበቃም።

ዋጋን በስልክ የሰማ ገበሬ ወዲያው ይበለጽጋል የሚለው አባባልም ግማሽ እውነት ነው። በሕንድ አገር በኬራላ ጠረፍ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእጅ ስልክ ሲደርሳቸው የሆነውን ሮበርት ጄንሰን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ መርምሮ፣ የአጥማጆቹ ትርፍ በአማካይ 8 በመቶ ከፍ፣ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ 4 በመቶ ዝቅ ማለቱን፣ ገዢ አጥቶ ይበላሽ የነበረውም ዓሣ መቅረቱን አሳይቷል። በአገራችን ግን ጌታው ታደሰና ጎድፍሬይ ባሂግዋ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ስልክ መያዝ ገበሬው እህሉን በሚሸጥበት ዋጋ ላይ ጉልህ ልዩነት ሲያመጣ አላገኙም፤ በስልክ ለሽያጭ የሚረዳ መረጃ የሚያገኘው ገበሬ ቁጥሩ ጥቂት ነበርና። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው የመንገዱን ጉዳይ ነው። የኬራላው አጥማጅ ባሕር ላይ ሳለ ደውሎ ጀልባውን ወደ ሌላ ወደብ ማዞር ሲቻለው፣ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ የሚኖረው የጃቢ ጠህናን ወረዳ ገበሬ የባሕር ዳርን ዋጋ ቢሰማ ሁለት ኩንታል በቆሎ በአህያ ጭኖ ባሕር ዳር አይገባም። ዳሞትንና መርከብን የመሰሉ የገበሬዎች ዩኒየኖች ዋና ሚናቸው እዚህ ላይ ይታያል፤ የእያንዳንዱ አባል ኩንታል በአንድ ዝርዝር ተመዝግቦ፣ የመኪናው ቀንና የሚጫንበት ቦታ በአጭር መልእክት ተነግሮ፣ ሒሳቡም በስልክ ገንዘብ ለየባለቤቱ ሲደርስ፣ የተሰማው ዋጋ የሚያዝ ዋጋ ይሆናል።

ኢንተርኔትና ውድ ስልክ ከሌለ አንዳች ነገር አይሠራም የሚሉም አሉ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ የነጋዴው ሥራ ምን ያህል እንደ ተጎዳ ያየ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም፤ ጉዳቱም ብርቱ ነበር። ሆኖም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር የተባለው የስልክ ገንዘብ በ*127# ከተራ ስልክ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የከፈተው የ8028 መስመርም የእርሻ ምክርን በአማርኛ ድምፅ ስለሚያሰማ ማንበብን እንኳ አይጠይቅም። ኔትወርኩ ጨርሶ በሚጠፋበት ቀን ደግሞ በወረቀት የሚያዝ ተጠባባቂ መዝገብ ሊኖር ግድ ነው።

በሱቅ ደጃፍ ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚነገረው ሌላው ነገር፣ የተጻፈ ሽያጭ ሁሉ ለግብር ሰብሳቢ የተዘጋጀ ማዕድ ነው የሚለው ነው። የተመዘገበ ሽያጭ ግብር እንደሚከተለው አልክድም፤ መክፈልም የዜጋ ግዴታ ነው። ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የቀን ገቢ ግምት በየሱቁ ሲወጣ በብዙ ከተሞች የተነሣውን ብርቱ ቅሬታ ማስታወስ ይገባል፤ ግምቱ የበዛበት ነጋዴ መዝገብ ስላልነበረው «ሽያጬ ይህን ያህል አይደለም» ብሎ የሚያስረዳበት ማስረጃ በእጁ አልተገኘም። ዛሬ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ የተያዘ ሰነድን በሕግ ፊት ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ቤትና ሕንጻ የሌለው ሰው እህሉን፣ ከብቱን፣ ከደንበኛ የሚጠብቀውን ሒሳብ ጭምር አስይዞ ሊበደር የሚችልበትን በር ከፍቷል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻም ቴሌብርና ዳሽን ባንክ ተስማምተው፣ በስልክ የተዘዋወረውን ገንዘብ ታሪክ አይተው አነስተኛ ብድር መስጠት ጀምረዋል። በርበሬ በሚደርቅበት ወራት ገንዘብ አጥሮት ለአራጣ አበዳሪ የሚገዛ ነጋዴ፣ መዝገብ አለመያዙ ከግብሩ ይልቅ በወለዱ በኩል ምን ያህል እንደሚያስከፍለው አስልቶ ቢያይ መልካም ነው።

ይህ ሁሉ ለታላላቅ ፋብሪካዎች እንጂ ለእኛ አይደለም የሚለውን በአጭሩ ላልፈው እወዳለሁ። በጥር 2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቀው፣ በቀን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት እንዲያመርት የታቀደው የፊቤላ ፋብሪካ፣ በዚያው ዓመት ሥራ ከጀመረው የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጋር፣ ግብዓቱን ከአገር ውስጥ ሊያገኝ የሚችለው ከብዙ ጥቃቅን ማሳዎች በብዙ ሰብሳቢዎች እጅ ነው። የሚያስፈልገውን ምርት ብዛት፣ ጥራትና ጊዜ አስቀድሞ የሚያሳውቀው መዝገብ የሚጻፈው በፋብሪካው ቢሮ ሳይሆን በገጠሩ መጋዘን ደጃፍ ነው።

በመጨረሻም ስልኩ ደላላውንና ነጋዴውን ከገበያ ያስወጣል የሚለው ስጋት አለ። ዋጋን ደብቆ ከማትረፍ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ሰው እንጀራው እንደሚያጥር እሙን ነው፤ ይህም ፍትሕ ይመስለኛል። ነገር ግን ዛላ በርበሬን በእጁ ሰብሮ፣ አሽትቶ፣ የደረቀውን ሚዛን እንዲደፋ ውሃ ከተረጨበት የሚለይ፣ ይህኛው ገበሬ ቃሉን እንደሚጠብቅ፣ ያኛው እንደማይጠብቅ የሚያውቅ ነባር ነጋዴ ያለውን ዕውቀት ፎቶግራፍ አይተካውም፤ የስልክ ሥዕል እርጥበትን አያሳይምና። መሣሪያው የሚረዳው ይህ ዕውቀት ከነጋዴው ራስ ወጥቶ በገዢው ዘንድ እንዲታመን ነው። በየከረጢቱ ላይ በርበሬው የተለቀመበት ቀበሌ፣ የደረቀበት ጊዜና መርጦ የደለደለው ሰው ተጽፎ፣ ያው ዝርዝር በስልክ ለአዲስ አበባ በርበሬ አስፈጪ ቀድሞ ቢላክ፣ ገዢው በሩቁ የሚያውቀው የጥራት ደረጃ ይኖራል፤ ነጋዴውም የተደባለቀውን በአንድ ዋጋ፣ የተመረጠውን በሌላ ዋጋ ለመሸጥ ይቻለዋል፤ ከልዩነቱም ለገበሬው የሚደርሰውን ድርሻ አስቀድሞ ተስማምቶ በመዝገቡ ላይ ማስፈር ይገባዋል።