ዲግሪ አልቆ ማስተርስ እስኪጀመር፦ አሜሪካ ያለ ተማሪ ስታተሱን እንዴት ይጠብቃል?

ባምቢስ አካባቢ የሚኖሩ አንድ እናት ጥያቄ ይዘው መጡ። ልጃቸው አሜሪካ ዲግሪውን ግንቦት ላይ ጨርሷል፤ ማስተርሱ ነሐሴ መጨረሻ ይጀምራል። ሰኔ ላይ የአባቱ ሙት ዓመት ነው። "መጥቶ ቢመለስ ችግር አለው ወይ?" ነው ጥያቄያቸው። ብዙ ቤተሰብ ስለሚጠይቀን እንዲህ አብራርተነዋል።

🔹 ቪዛና ስታተስ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ቪዛ በር መግቢያ ነው። ስታተስ ደግሞ ከገቡ በኋላ በሕጋዊ መንገድ የሚያቆየው ነው። ኤፍ-1 ተማሪ ቪዛው ቢያልቅም፣ ትምህርቱን በአግባቡ እየተከታተለና አይ-20 የሚባለው ሰነዱ እየሠራ ከሆነ ሕገወጥ አይባልም። ችግሩ የሚመጣው ከአገር ወጥቶ ልመለስ ሲል ነው።

🔹 ዲግሪው ካለቀ በኋላ ስንት ቀን አለው?

60 ቀን። የሚቆጠረው ከምረቃው በዓል ሳይሆን አይ-20 ላይ ከተጻፈው የትምህርት ማብቂያ ቀን ነው። ግንቦት 7 ካለ፣ እስከ ሐምሌ 7 ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሦስቱ አንዱን መጀመር አለበት፦

1. እዚያው ትምህርት ቤት ከቀጠለ፣ ለማስተርሱ አዲስ አይ-20 ማውጣት፤
2. ሌላ ትምህርት ቤት ከገባ፣ ሴቪስ የተባለው የመንግሥት መዝገቡ እንዲዛወር ማስደረግ፤
3. መሥራት ከፈለገ፣ ኦፒቲ ለሚባለው የሥራ ፈቃድ ማመልከት።

አንዱንም ካላደረገ ከአገር መውጣት ይጠበቅበታል።

🔹 የ5 ወሩ ነገርስ?

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ ቢዛወርም አዲሱ ትምህርት በ5 ወር ውስጥ መጀመር አለበት። ግንቦት ጨርሶ ነሐሴ የሚጀምር ችግር የለበትም። ጥር ላይ የሚጀምር ግን ያልፍበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወጥቶ በአዲስ አይ-20 መመለስና የ350 ዶላሩን የሴቪስ ክፍያ እንደገና መክፈል ሊኖርበት ነው።

🔹 በመሀል ቢሠራስ?

ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት ስታተስ ያበላሻል፤ የ60 ቀኑንም ዕድል ያሳጣል። በኦፒቲ እየሠራ ያለም ይጠንቀቅ፦ መዝገቡ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት በተዛወረበት ቀን የሥራ ፈቃዱ ያበቃል።

🔹 ታዲያ ልጁ ይምጣ?

በ60 ቀኑ ውስጥ በአሮጌው አይ-20 ከወጣ፣ በዚያው መመለስ አይችልም። የማስተርሱን አይ-20 መያዝ አለበት፤ ቪዛው ካለቀም እንጦጦ መንገድ ካለው ኤምባሲ አዲስ ማውጣት ግድ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች ለ3 ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ናቸው። ቀጠሮው ቢዘገይ ወይም ቪዛው ቢከለከል ማስተርሱ ሊያልፈው ይችላል።

ነሐሴ 2017 የአሜሪካ መንግሥት 60 ቀኑን ወደ 30 ለማውረድ ረቂቅ ደንብ ማቅረቡንም አትርሱ። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጡ በፊት የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ ያነጋግር፤ ስልክ ላይ "ችግር የለውም" ከሚል ጓደኛ ይልቅ እሱ ይሻላል።

እናትየው ይህን ሰምተው ትንሽ ዝም አሉና፣ "እንግዲያው አይምጣ፤ ጸሎቱን እዚያው ያድርስ" አሉን።

ልጅ አሜሪካ ለሚያስተምር ቤተሰብ አጋሩት። 🙏