ፈረስ ኮርቻውን ሲሸሽ

ባለ ፈረሱ በማለዳ ኮርቻውን ተሸክሞ ወደ ጋጣው ሲቀርብ፣ ፈረሱ ገና ዕቃው ጀርባውን ሳይነካው ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አስተኝቶ ጅራቱን እያወናጨፈ ፊቱን ወደ ግድግዳው ቢመልስ፣ የሆዱም ጠፍር ሲሳብ ሰውነቱን ነፍቶ ጥርሱን ወደ ጌታው ክንድ ቢሰነዝር፣ ከሁላችንም አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «አመለኛ ነው» የሚል ነው። ይህች አንዲት ቃል ብዙ ፈረሶችን በከንቱ አስገርፋለች። አመል የተባለው ነገር በትዕግሥት ሲመረመር ብዙ ጊዜ ሕመም ሆኖ ይገኛልና፣ የፈረስ እምቢታ ከየት እንደሚመነጭ፣ ምንጩም በምን ሥርዓት እንደሚፈለግ ማወቅ ፈረስ ለሚያሳድር ሰው ሁሉ ተገቢ ነው።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት ጥፋተኛውን ትቶ ያላጠፋውን ለሚመታ ሰው የተነገረ ሲሆን፣ በኮርቻና በፈረስ መካከል ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ጥፋቱ የዕቃው ሆኖ ሳለ ዱላው በእንስሳው ላይ ሲያርፍ እናያለን። በኦሪት ዘኍልቍ የተጻፈው የበለዓም ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አህያይቱ በመንገድ የቆመውን መልአክ አይታ ፈቀቅ ባለች ቍጥር እርሱ ምንም ሳያይ ሦስት ጊዜ ደበደባት፤ አንደበቷ በተከፈተ ጊዜ ግን የሳተው ጋላቢው እንጂ እርሷ እንዳልነበረች ተገለጠ። ለፈረስ እንዲህ ያለ ተአምር ስላልተደረገለት፣ ያለው ልሳን ጆሮው፣ ዓይኑ፣ ጅራቱና የጡንቻው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው።

ያውም ይህ ልሳን ዝግ ያለ ነው፤ ፈረስ በተፈጥሮው በአራዊት የሚታደን ፍጥረት ስለ ሆነ፣ ድካሙንና ሕመሙን የሚሸሽግ ጠባይ አለው። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር የታወቁት የፈረስ ሐኪም ሱ ዳይሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር የሚጋለቡ ፈረሶችን በመመልከት 24 ምልክቶችን ለይተው ጻፉ፤ ከእነዚህም 8 ወይም ከዚያ በላይ የታዩበት ፈረስ ሕመም እንዳለበት እጅግ የሚያስጠረጥር መሆኑን አስረዱ። በጭነት ጊዜ ደግሞ ከምልክቱ ይልቅ ሰዓቱ ይናገራል። ኮርቻውን ከሩቅ ሲያይ የሚሸሽ ፈረስ የትናንቱን ሥቃይ ያስታውሳል፤ ኮርቻው ሲያርፍበት ጀርባውን የሚያጎብጥ በጀርባው፣ ጠፍሩ ሲሳብ የሚናከስ በደረቱ ወይም በሆዱ፣ ልጓም ሲቀርብለት ራሱን ወደ ላይ የሚያነሣ በአፉ፣ ሰው ሲወጣበት ብቻ የሚያፈገፍግ ደግሞ ክብደት ሲጨመርበት የሚብስ ነገር እንዳለበት መገመት ይገባል። ይህ ግምት የምርመራው መጀመሪያ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው ጀርባው ነው። በፈረስ የደረት አከርካሪ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 18 አጥንቶች ሲኖሩ፣ ከእነርሱም 18 ጥንድ ጎድኖች ይወጣሉ። ኮርቻ የተሠራው ከአከርካሪው ግራና ቀኝ በተዘረጉት ጡንቻዎች ላይ እንዲያርፍ ስለ ሆነ፣ አከርካሪው ራሱ በሁለቱ ክንፎች መካከል ባለው ክፍት መስመር ከማናቸውም ጫና ነጻ ሆኖ ሊያልፍ ይገባዋል። ስፍራውም ከትከሻው አጥንት በስተኋላ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጎድን ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወገብ ከበታቹ የሚደግፈው ጎድን የለውምና። ደግሞም ፈረስ ትከሻውን ከደረቱ ጋር የሚያያይዝ፣ በሰው እንዳለው ያለ አጥንት ስለሌለው፣ የፊት እግሮቹ በጡንቻና በጅማት ብቻ ከገላው ጋር ተያይዘዋል፤ እግሩን ወደ ፊት በዘረጋ ቍጥር የትከሻው አጥንት የላይኛው ጫፍ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ኮርቻው ወደ ፊት ተገፍቶ የተጫነበት ፈረስ እንግዲህ በየእርምጃው ትከሻውን ከእንጨት ጋር ያጋጫል።

የአገራችን ኮርቻ አጥንቱ እንጨት ልብሱ ቆዳ እንደ መሆኑ፣ ከአንድ ፈረስ ጀርባ ጋር ተስማምቶ ለሌላው እሾኽ ሊሆን ይችላል። ለዚያው ለአንዱ ፈረስ እንኳ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሆኖ አይኖርም፤ በጥቅምት ሣር ጠግቦ ጀርባው በሞላ ጊዜ የተስማማው ኮርቻ፣ በበጋው ማለቂያ ከስቶ ጡንቻው ሲጎድል ወርዶ በጫንቃው ላይ ይቀመጣል። ከዚህ የሚወለደው ገጣባ ለሁሉ የሚታይ ቁስል ነው። ከገጣባው በፊት የሚመጡት ምልክቶች ግን ለሚያስተውል ብቻ ይታያሉ፤ ከግልቢያ በኋላ በላብ በራሰው ጀርባ ላይ፣ ከአከርካሪው መስመር ውጭ ደርቆ የቀረ ስፍራ ቢገኝ ጫናው በዚያ እንደ በዛ ያመለክታል፤ በጥቁር ወይም በዳማ ፈረስ ጀርባ ላይ የበቀለ ነጭ ጠጉርም የጠጉሩ ሥር ቀድሞ ተጎድቶ እንደ ነበር ይመሰክራል። ቆዳው ደኅና ሆኖ ሳለም የአከርካሪው የላይ ጫፎች እርስ በርሳቸው ተቀራርበው የሚነካኩበት ደዌ አለ፤ ይህን ግን በምስል መርምሮ የሚለየው የእንስሳት ሐኪም ነው።

ጀርባው ንጹሕ ሆኖ ፈረሱ በጠፍሩ ላይ ብቻ ቢቆጣ፣ በክርኑ በስተኋላ ቆዳው መላጡንና ማበጡን ከዳሰሱ በኋላ ሆዱን ማሰብ ያሻል። የፈረስ ጨጓራ፣ ቢበላም ባይበላም፣ ሌትና ቀን ያለማቋረጥ አሲድ ያመነጫል፤ ይህን አሲድ የሚያበርደው ምራቅ ደግሞ የሚፈስሰው ሲያኝክ ብቻ ነው። የጨጓራው የላይኛው ክፍል የታችኛውን ያህል መከላከያ ስለሌለው፣ ለረጅም ሰዓት ሳይበላ የቆመ ፈረስ በዚያ ስፍራ ይቆስላል፤ በባዶ ሆዱ ሲጋለብም አሲዱ ወደ ላይ እየተረጨ ቁስሉን ያብሰዋል። ስለዚህ ከጉዞ በፊት የሚሰጠው አንድ እቅፍ ድርቆሽ እንደ መድኃኒት የሚቆጠር ጥበቃ ነው። አፉም ሊዘነጋ አይገባም፤ የፈረስ መንጋጋዎች በሕይወቱ ዘመን ሁሉ ከድድ ውስጥ እየወጡ እርስ በርሳቸው የሚፋጩ ስለ ሆኑ፣ ዳርቻቸው እየሾለ ጉንጩንና ምላሱን ያቆስላል፤ በዚህ ላይ የገባ ልጓም ጠብ ቢያስነሣ አያስደንቅም።

ምክንያቱ ከተገኘም በኋላ ሥራው አያልቅም። የቆሰለው እስኪድን ኮርቻ መከልከል፣ የማይስማማውን ኮርቻ ማስተካከል ወይም መለወጥ የመጀመሪያው ግዴታ ነው፤ ከኮርቻው ሥር ጨርቅ መደራረብ ግን ጠባብ ጫማ ላጠለቀ ሰው ሁለተኛ ካልሲ እንደ መስጠት ነው። ሥጋው ከዳነ በኋላ ትዝታው ይቀራል፤ ፈረስ ያሳመመውን ነገር አይረሳምና፣ ኮርቻውን አሽትቶ እንዲለምደው ጊዜ መስጠት፣ ጠፍሩንም በአንድ ጉልበት ከመሳብ ይልቅ በትንሽ በትንሹ፣ በመካከሉ ጥቂት እያራመዱ ማጥበቅ ይገባል። የግሪኩ ጸሐፊ ክሴኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈ ጊዜ፣ በቍጣ ወደ ፈረስ መቅረብን አጥብቆ የከለከለው ይህን ስለ ተረዳ ነው።

ፈረስን ማክበር ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቹን በጌጥ አስውቦ በእንጅባራ ይሰበሰባል። ስሙን ከፈረሱ ጋር ያቆራኘ ሕዝብ፣ ጌጡን ከማልበሱ በፊት ከጌጡ በታች ያለውን ጀርባ በእጁ መዳሰስ አይከብደውም፦ መዳፍን ዘርግቶ ከጫንቃው እስከ ወገቡ ግራና ቀኝ በዝግታ ማሳለፍ፣ ፈረሱ ሲሸማቀቅም እጁን በዚያ አቁሞ ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ። እንዲህ የተጠየቀና መልሱ የተሰማለት ፈረስ፣ አንድ ማለዳ ጌታው ኮርቻውን ተሸክሞ ወደ ጋጣው ሲገባ፣ ድርቆሹን ማኘኩን ሳያቋርጥ ጆሮዎቹን ወደ ፊት አድርጎ ይጠብቀዋል።