ለመጀመሪያ ትራያትሎን የሚስማማ ቢስክሌት ስለ መምረጥ

በመስከረም 21 ቀን ለማርያም ክብረ በዓል ወደ ግሸን የሚወጣ መንገደኛ፣ በቅሎ ቢመርጥ አረጋገጧን እንጂ ጌጧን አይመለከትም። ቢስክሌትም እንዲሁ ነው።

ትራያትሎን ዋናን፣ ቢስክሌትንና ሩጫን አከታትሎ የሚይዝ ውድድር ነው። በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ወደ ኦሊምፒክ ሲገባ ርቀቱ 1.5፣ 40 እና 10 ኪሎ ሜትር ነበር። በሐይቅ ውሃ ዋኝቶ በአምባሰል ዳገት ላይ ለመለማመድ የሚያስብ ተማሪ፣ ጥቂት ገንዘቡን በምን ላይ ያውል?

ብዙዎቻችን ቀላሉንና ውዱን እንመኛለን። ነገር ግን 65 ኪሎ የሚመዝን ነጂ ባለ 12 ኪሎውን ትቶ ባለ 10 ኪሎውን ቢይዝ፣ ከጠቅላላው ክብደት የሚቀነሰው ከመቶ 3 እጅ አይሞላም። ከዚህ ይልቅ ማርሹ ይበልጣል። የፊቱ ጥርስ 50፣ የኋላው 25 ቢሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ ይዞራል። ሁለቱም 34 ቢሆኑ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ፍጥነቱ ቢቀንስም እግር የሚገፋው ኀይል በግማሽ ይቀላል። ሩጫው ገና ከፊት ስለ ሆነ እግርን መቈጠብ ግድ ነው።

ሁለተኛው የቁመት ልክ ነው። ኰርቻው ላይ ተቀምጠን ተረከዛችንን በታችኛው ፔዳል ላይ ብናሳርፍ፣ እግራችን ቀጥ ማለት አለበት። ሦስተኛው ፍሬን ነው፤ የወጡትን ዳገት መውረድ አይቀርምና። ለኰረኰንች መንገድም ሰፋ ያለ ጎማ ይሻላል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው፤ ከመግዛት በፊት ተውሶ ዳገት ላይ መሞከር፤ ልኩን፣ ማርሹንና ፍሬኑን አስቀድሞ ማየት፤ የክብደቱን ነገር ለሁለተኛው ውድድር ማቈየት።