ፈንጂ ጠራጊው መኮንን

በጥንት ዘመን በአገራችን በጦር ሜዳ ጀብዱ የፈጸመ ሰው የአንበሳ ጎፈር ይደፋ፣ ለምድም ይለብስ ነበር። ያየው ሁሉ ሳይጠይቅ ጀግንነቱን ይረዳለታል። እንግሊዞችም ለዚሁ ዓላማ በ1848 ዓ.ም. ያቋቋሙት «የቪክቶሪያ መስቀል» የተባለ ኒሻን አላቸው። ኒሻኑ የተሠራው ከወርቅ ወይም ከብር ሳይሆን ከነሐስ ነው፤ ሆኖም በጦር ሜዳ ለሚፈጸም ጀግንነት ከዚህ የሚበልጥ ሽልማት የላቸውም። ከእነዚህ ኒሻኖች አንዱ የተገኘው ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

መተማን በሱዳን ግዛት ካለችው ከጋላባት የሚለያት አንድ ጅረት ብቻ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁትም በዚሁ ስፍራ ነው። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ወርራ በነበረችበት ጊዜ፣ ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባትን ያዘ። በገዳሪፍ በኩል የመጣው፣ በብርጋዴር ስሊም የሚመራው 10ኛው የህንድ ብርጌድ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ምሽጉን ቢያስለቅቅም፣ ከአየር ድብደባው ብርታት የተነሣ ሊጸናበት አልቻለም።

ጥር 23 ለ24 ሌሊት ግን ጠላት መተማን ለቅቆ ወደ ጎንደር አቅጣጫ አፈገፈገ። ሲሸሽም መንገዱን በፈንጂ አጥሮት ነበር። ፈንጂ ከአፈር ሥር ተቀብሮ ክብደት ሲያርፍበት የሚፈነዳ መሣሪያ ነው። አሳዳጁ ጦር ቢፈጥን ያልቃል፤ ቢዘገይ ጠላት ያመልጠዋል። ስለዚህ ከሁሉ ፊት ቀድሞ መንገዱን የሚያጠራ ሰው አስፈለገ።

ይህ ሥራ የደረሰው የ22 ዓመት ወጣት ለነበሩት ለምክትል የመቶ አለቃ ፕረሚንድራ ሲንግ ባጋት ነው። ባጋት በህንድ መሐንዲስ ጦር ውስጥ የአንድ ክፍል አዛዥ ነበሩ። በመጀመሪያው ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ላይ ሆነው 4 ቀን ሙሉ፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጦሩን መሩ። ፈንጂ የተቀበረባቸውን 15 ቦታዎች እያገኙ አስጠረጉ። ሁለት ጊዜ የተሳፈሩበት ተሽከርካሪ ፈንጂ ረግጦ አብረዋቸው የነበሩት ተጎዱ። ኒሻኑን ያስገኘላቸው የምስክር ጽሑፍ የእነዚህን ወታደሮች ስም አይጠቅስም፤ የከፈሉት ዋጋ ግን ከሥራው የሚለይ አይደለም። በሦስተኛው ጊዜ ጠላት አድፍጦ ከቅርብ ተኮሰባቸው፤ ባጋት ግን ሥራቸውን አላቋረጡም።

በፍንዳታው የአንድ ጆሮአቸው ታምቡር ተበሳ፤ ድካሙም አዛላቸው። አለቆቻቸው በሌላ መኮንን ሊተኩአቸው ቢፈልጉ፣ አሁን ሥራውን ከማንም ይልቅ የለመድሁት እኔ ነኝና እስከ መጨረሻው ልቀጥል በማለት እምቢ አሉ። ምክንያቱ ፉከራ አልነበረበትም፤ ባለሙያ ስለ ሙያው የሚሰጠው መልስ ነበር። በጦርነት ብዙዎች ለአንድ አፍታ ይደፍራሉ፤ ተሽከርካሪያቸው ከሥራቸው ከፈነዳ በኋላ በማግስቱ ተመልሰው የሚሳፈሩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሽልማቱ ሰኔ 3 ቀን 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ መንግሥት ጋዜጣ ታወጀ። ባጋትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ኒሻን ያገኙ የመጀመሪያው ህንዳዊ መኮንን ሆኑ። በጎንደር የመሸገው የኢጣሊያ ጦር እጁን የሰጠው ከዚያ በኋላ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ባጋት ህንድ ነፃ ከወጣች በኋላ በአገራቸው ጦር ውስጥ እስከ ሌተና ጄኔራልነት ማዕረግ ደርሰው፣ በ1967 ዓ.ም. ዐረፉ።