ለየአንዱ የራሱ ደብተር

በኪሳችን ያለው ስልክም ሆነ ልጆቻችን «ማኽሼቭ» የሚሉት ኮምፒዩተር በአንድ ፕሮሰሰር ብቻ አይሠራም። ብዙውን ጊዜ አራትም ስምንትም ሆነው ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሥራውን የሚያከፋፍልላቸው ከርነል የሚባለው ዋናው ፕሮግራም ነው። የአንድሮይድ ስልኮች ከርነል ሊኑክስ ነው፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው።

ከርነል ሁልጊዜ ይቆጥራል፦ ከኔትወርክ ስንት መልእክት ገባ፣ ስንቱ ወጣ። እስቲ የሠርግ ቤት አስቡ። እንጀራ የሚያወጡት ስምንት ሴቶች በአንድ ደብተር ቢመዘግቡ፣ አንዷ ስትጽፍ ሰባቱ ቆመው ይጠብቃሉ፤ እንግዳውም ይራባል። ለየአንዳንዷ የራሷ ደብተር ቢሰጣትስ? ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ድምሩ ሲፈለግ ስምንቱን መደመር ነው። ሊኑክስም ለየፕሮሰሰሩ የራሱን ደብተር ሰጠው።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ አላለቀም። አንድ ሥራ በመሃል ተቋርጦ ወደ ሌላ ፕሮሰሰር ሊዛወር ይችላል። በመጀመሪያው ፕሮሰሰር ደብተር 100 የሚል አንብቦ 101 ሊጽፍ ሲል ተዛወረ እንበል። እሱ እስኪጽፍ ድረስ የደብተሩ ባለቤት ቁጥሩን 105 አድርሶታል። ያ ሥራ ግን የያዘውን 101 ይጽፍበታል፤ አምስት ቆጠራ ውኃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ የድሮው ኮድ መጀመሪያ መዛወርን ይከለክላል፣ ከዚያ ይጽፋል፣ በመጨረሻ መልሶ ይፈቅዳል። አንድ ለመጨመር ሦስት እርምጃ!

በ2009 ክሪስቶፍ ላሜተር የተባለ ባለሙያ ነገሩን የሚያቀል ዘዴ አቀረበ። በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ውስጥ፣ የራሳቸው ደብተር የት እንዳለ የሚጠቁም ሬጅስተር አለ። እሱን በመጠቀም ቦታውን ማግኘት፣ ማንበብ፣ መጨመርና መጻፍ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። ማቋረጥ የሚገባው በሁለት ትእዛዞች መካከል እንጂ በአንዱ ሆድ ውስጥ ስላልሆነ፣ መከልከልም መፍቀድም አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በሌላቸው ፕሮሰሰሮች ላይ ከርነሉ ጥበቃውን ራሱ ከጀርባ ያደርገዋል፤ ኮድ ጸሐፊው የሚጽፈው ግን ያችኑ አንዲት መስመር ነው።

ይህ የሚሠራው ለአንድ ቁጥር ነው። ሁለት ቁጥሮች የግድ አብረው መለወጥ ካለባቸው የድሮው ጥንቃቄ አይቀርም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ኮድ የሚማር ከሆነ ሥራውን ሲያሳያችሁ «ልጄ፣ እዚህ መሃል ላይ ቢቋረጥ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት። ለዚህ ጥያቄ ኮምፒዩተር ማወቅ አያስፈልጋችሁም፤ እሱ ግን መልሱን ሲፈልግ ብዙ ይማርበታል።