መነሻው አንድ፣ መድረሻው ብዙ

የተጣሉ ጎረቤታሞችን የሚያስታርቁ ሽማግሌ እንዲህ ይላሉ፦ «ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ አባቶቻችሁ አጥንት፣ ስለ እነዚህ ሕፃናት ብላችሁ ታረቁ።» ሦስቴ «ስለ»። አድማጩ መነሻውን አንዴ ስለለመደው ጆሮውን የሚሰጠው ለሚለወጠው ነው። ልመናው ከሰማይ ተነሥቶ፣ በመቃብር አልፎ፣ ደጅ ላይ ወደሚጫወቱት ልጆች ሲደርስ እምቢ ማለት ይከብዳል።

ተከታታይ ሐረጎችን ወይም ስንኞችን በአንድ ቃል መጀመር በሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘንድ አናፎራ ይባላል። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1963 ዋሽንግተን ላይ ስለ ሕልሙ ሲናገር የተጠቀመበት ስልት ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ መልክዕ በተባለው የቤተ ክርስቲያን ድርሰት ውስጥ ሙሉ ቅርጽ ይዞ ነበር።

ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ የቤተልሔም ድጓና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት አገር ነው፤ ደብረ ታቦርም በተክሌ አቋቋም ስሟ የታወቀ ነው። በእነዚህ ደጋዎች ማሕሌት ሲቆም መልክዕ አይቀርም። መልክዕ የቅዱሱን አካል ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እየተከተለ የሚያወድስ የግእዝ ግጥም ነው። እያንዳንዱ ቤት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስንኝ አለው፤ አምስቱም ቤት ይመታሉ። አከፋፈቱ «ሰላም ለ» ነው፤ ለስምህ መታሰቢያ፣ ለራስህ ጠጉር፣ ለፊትህ፣ ለቅንድብህ፣ ለዓይኖችህ እያለ ይወርዳል። ቃሉ አይለወጥም፣ አካሉ ይለወጣል። በቃሉ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ከዓይን ቀጥሎ ጆሮ እንዳለ ያውቃልና የሚቀጥለው ቤት ከየት እንደሚነሣ አይጠፋውም። ከጥበቡ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፦ ውበቱና ማስታወሻው አንድ ቃል ላይ መዋላቸው።

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን ወደ መጨረሻ ስለሚያቆይ ስልቱ ይስማማዋል፤ መነሻው ሲደጋገም አድማጩ ግሡን ይጠብቃል። ስለዚህ የሚደጋገመው ቃል አጭር ሲሆን ይመረጣል፦ ስለ፣ እንደ፣ ማን፣ ወይ።

ስልቱ የሚበላሸው መነሻው ተደግሞ ሐሳቡ ባለበት ሲቆም ነው። «ዛሬ ደስ ብሎናል፤ ዛሬ ደስታችን ታላቅ ነው፤ ዛሬ እጅግ ተደስተናል» የሚል ንግግር ሦስት ጊዜ ተነሥቶ የትም አልሄደም። ንግግር ስትጽፉ የደገማችሁትን ቃል በጣት ሸፍናችሁ የቀረውን አንብቡ፤ የቀረው ካላደገ ሁለቱን ሰርዙና አንዱን አስቀሩ።